ሣር ላይ የቀረው ጓንት

ባቡሩ ከዋርነር መገናኛ ተነስቶ ሁለተኛውን ድልድይ ሲሻገር አምብሮስ ኬትለር ቀኝ እጁን አየ። ባዶ ነው። ብድግ ብሎ የተቀመጠበትን ፈተሸ፤ ከራሱ በላይ ያለውን የዕቃ መደርደሪያ ዳበሰ፤ በመጨረሻም ተንበርክኮ ከወንበሮቹ ሥር አንገቱን አሾለከ። ከፊቱ የተቀመጡ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉለትና ጋዜጣቸውን ማንበብ ቀጠሉ። ጓንቱ የለም።

የት እንደቀረ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ዋርነር ላይ ባቡር ለመቀየር አርባ ደቂቃ ጠብቆ ነበር። መቀመጥ ስላቃተው ከመድረኩ ጎን ወዳለው ሣር ወርዶ፣ ጓንቱን አጥልቆ ክንዱን ሲያፍታታ ቆየ። ፊሽካው ሲነፋ ጓንቱን አወለቀ፤ እዚያው ሣሩ ላይ ጣል አደረገና ተሳፈረ።

ይህን ስህተት ቤዝቦል ተጫዋች እንጂ ሌላ ሰው አይሠራውም። የሜዳው ተራ አልቆ የመምታት ተራ ሲደርስ ማንም ጓንቱን ይዞ ወደ አግዳሚ ወንበሩ አይሄድም። በቆመበት ሣር ላይ ይጥለዋል፤ ተመልሶ ሲመጣ ያነሳዋል። በመሃል እዚያ ቦታ የሚቆመው ባላጋራ ዘሎት ይሮጣል፤ የራሱ ጓንት ተቀዶ ከሆነም ያነሳውና ይጫወትበታል። አምብሮስ ከሃያ ዓመት በላይ እሑድ እሑድ ጓንቱን እየጣለ ሄዷል፤ ሁልጊዜም ተመልሷል። ዛሬም እጁ ጭንቅላቱን ሳያማክር የለመደውን አደረገ።

የ1909 ሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። አምብሮስ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሾኔክ ከተማ ለቢራ ፋብሪካው በርሜል ይሠራል፤ እሑድ ለፋብሪካው ቡድን ይጫወታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከኬልተን፣ ከትልቁ ሊግ ቡድን፣ መጥተህ እንይህ የሚል ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ደብዳቤው በደረሰ በአራተኛው ቀን አባቱ ሞቱ፤ አምብሮስም የአባቱን መጥረቢያ አንስቶ በአባቱ ወንበር ተቀመጠ። ደብዳቤውን አጣጥፎ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከተተው፤ ስለ እሱም ለማንም አጉረምርሞ አያውቅም። ሚስቱ ሚና ግን መጽሐፉን በገለጠች ቁጥር ታገኘዋለች።

አሁን፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ከዚያው ከኬልተን ቴሌግራም መጣ። የቀኝ ሜዳ ጠባቂያቸው ፕራይስ ቁርጭምጭሚቱን በባላጋራ ጫማ ብረት ተወግቷል። ተጠባባቂው አባቱን ሊቀብር አገሩ ገብቷል፤ ሰኞ ይመለሳል። ለቅዳሜ ብቻ ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ የቢራ ሻጭ የአምብሮስን ስም ለካፕቴኑ ነግሮታል። የፋብሪካው አለቃ ቴሌግራሙን ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ ቅዳሜን ፈቀደለት፤ ሰኞ ጠዋት ግን በሰዓትህ እንዳገኝህ አለው። ሚና ጣቢያ ድረስ ሸኝታው ኮሌታውን እያስተካከለች፣ “እንድትመታም እንድታሸንፍም አልለምንም” አለችው። “አንዲት ኳስ ብቻ ትምጣልህ። እሷን ያዝልኝ።”

እሱም የፈለገው ከዚያ አይበልጥም ነበር። አንዲት ኳስ በትልቁ ሜዳ፣ እሱ በቆመበት በኩል። እንግዲህ ለዚያች ኳስ የሚሆነው ጓንት ዋርነር ሣር ላይ ተጋድሟል።

ሌላ ጓንት መዋስ ቀላል ይመስላል። አምብሮስ ግን ግራኝ ነው፤ በግራ እጁ ስለሚወረውር ጓንቱን በቀኙ ያጠልቃል። ስድስት ሰዓት ላይ ኬልተን ደርሶ የተጫዋቾቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሚስማር ላይ የተሰቀሉትን ጓንቶች ነው። አንድ በአንድ በዓይኑ ገመገማቸው። ሁሉም የግራ እጅ ናቸው፤ በቡድኑ ውስጥ ከእሱ ሌላ ግራኝ የለም።

ካፕቴን ስትሪክላንድ አጭር፣ ጢማም፣ ንግግሩን በጥርሱ እየነከሰ የሚያወጣ ሰው ነበር። ከእግር እስከ ራሱ አየውና የፕራይስን ትርፍ መለያ ወረወረለት። መለያው ወፍራም ግራጫ ሱፍ ነው፤ ለአምብሮስ ትከሻ ጠበበው፣ ለእግሩ ረዘመው። ፕራይስ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ እስከቻለ ድረስ ይጫወታል፤ ሲያቅተው አንተ ትገባለህ ተባለ። አምብሮስ እሺ ካፕቴን አለ። ስለ ጓንቱ መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። አልተናገረም። ጓንቱን ባቡር ጣቢያ ጥሎ የመጣ ተጫዋች መባልን ፈራ፤ በቴሌግራም የተጠራ ሰው በመጣበት ባቡር ይመለሳል ብሎም ሰጋ።

ተጫዋቾቹ ክፉ አልነበሩም፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ግን አፋቸው አያርፍም። ሥራውን ሲሰሙ ስሙን በርሜል አሉት። ከእንግዶቹ፣ ከኤልድሪጅ ተጫዋቾች ተጠንቀቅ ብለውም መከሩት። የአዲስ ሰው ጓንት ውስጥ ትል ይከታሉ፤ ኳሷ የት እንደምትወድቅ አሳስተው ይነግሩሃል፤ የሚሉህን አትስማ አሉት። ጓንት የሌለው ሰው ትል አያሰጋውም ብሎ በልቡ ሳቀ።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። በረጅም የቆርቆሮ ጥሩምባ ስም የሚጠራው ሰውዬ የአምብሮስን ስም አልጠራም፤ ገና አልገባምና። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ። ለሁለት ሰዓት ያህል ሁለት ጸሎት ባንድ ላይ ጸለየ፤ አንዱ ፕራይስ እንዲያነክስ፣ ሌላው እንዳያነክስ። ያም ሆኖ ዓይኑ የሚያየውን እያየ ልቡ ሞቀ። ሣሩ እንደ ጠረጴዛ ልብስ ተስተካክሏል። የወርዋሪው ኳስ ያዡ እጅ ስትገባ የምታሰማው ድምፅ ሾኔክ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። በዚህ አግዳሚ መቀመጤም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም አለና፣ አባቱ ቢያዩት ምን እንደሚሉ አሰበ።

እንግዶቹ ዘንድም አንድ ግራኝ አየ። ታድ ሃሎራን ይባላል፤ የኤልድሪጅ የቀኝ ሜዳ ጠባቂ ነው፤ ጆሮ ግንዱ ሸብቷል። አሥራ ሦስት ዓመት በሊጉ ተጫውቷል። በየተራው ከሜዳ ሲወጣ ጓንቱን ሳያይ ወደ ኋላ ይጥላል፤ ጓንቱም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይወድቃል።

በስምንተኛው ዙር ኬልተን ሦስት ለሁለት ይመራ ነበር። ፕራይስ መትቶ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ሯጭ ወደሚረግጠው ከረጢት፣ ሲሮጥ በግማሽ መንገድ እግሩ ከዳውና በእጁ ተደግፎ ቆመ። ፋሻው ቀልቷል። ስትሪክላንድ ዞር ብሎ፣ “ኬትለር፣ ተነስ” አለ። የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ጥሩምባው ስሙን ኬትል፣ ማለትም ማንቆርቆሪያ፣ ብሎ ጠራው፤ ተመልካቾቹ ሳቁ፣ አንዱም “ተንከባለል በርሜል!” አለው። ወሬው እንዴት ቀድሞት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ።

ተራው ተቀይሮ ኬልተን ወደ ሜዳ ወጣ፤ ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዙር ነው። አምብሮስ ባዶ እጁን ጨብጦ ወደ ቀኝ ሜዳ ሮጠ። ድሮ በእነ አባቱ ጊዜ ያለ ጓንት ይጫወቱ አልነበር እንዴ ብሎ ራሱን አጽናና። ታድ ሃሎራን ከዚያው ቦታ እየተመለሰ ነበርና መሃል ላይ ተገናኙ። ሽማግሌው አለፈው፤ ከዚያ ቆመና ተመለሰ።

“ግራኝ ነህ፣ አይደል? ከጨዋታው በፊት ስትወረውር አይቼሃለሁ።”

“ነኝ፣ ሚስተር ሃሎራን።”

“ጓንትህስ?”

አምብሮስ ለካፕቴኑ ያልነገረውን ለባላጋራው ነገረው። ዋርነር መገናኛ ሣር ላይ ጥዬው መጣሁ አለ። ሃሎራን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየውና ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። እሱም በወጣትነቱ አንዴ ሠርጉ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሣር ላይ ጥሎ ገብቶ ያውቃል።

“የኔ ያው እዚያ ተኝቷል። ሣር ላይ ያለ ጓንት ተራው የደረሰ ሰው ነው። አንሳው።” ሊሄድ ብሎ እንደገና ዞረ። “ስማ በርሜል፣ በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ ቆዳ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ ናት። ከፍ ብላ የመጣችን ኳስ አታያትም፤ ዓይንህን አትጨርስ። የዱላውን ድምፅ ስማ። ደረቅ ሆኖ ከጮኸ ጀርባህን ስጥና ሩጥ፤ አጥሩ ላይ ሳሙና የሚለው ጽሑፍ ጋ ስትደርስ ዙር። እዚያ ታገኛታለህ።”

ዳኛው ጮኸባቸው። ሃሎራን እየተንገዳገደ በሚመስል አረማመዱ ሄደ። አምብሮስ ጓንቱን አነሳ። ትል የለውም። ውስጡ ገና የሰው ሙቀት አለው፤ ቆዳው ብዙ ጊዜ ተሰፍቶ ለስልሷል። ሲያጠልቀው ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣት በሠራው ቦታ ገቡ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፀሐዩ ነው ብሎ ጠረገው። ይህን ያደረገለት ሰው እኮ ዛሬ እንዲሸነፍ የሚሻ ሰው ነው።

ከኤልድሪጅ ሦስት ሰው ከወጣ ጨዋታው ያበቃል። የመጀመሪያው መቺ መሬት ለመሬት መትቶ ወጣ። ሁለተኛው ዱላውን ሦስት ጊዜ በአየር አወናጭፎ ሄደ። አንድ ሰው ሲቀር ተመልካቾቹ ባርኔጣቸውን ፈልገው መነሳት ጀመሩ። ያን ጊዜ ወርዋሪው ደከመ። አንዱን በነፃ ወደ ቤዝ አሳለፈው፤ ቀጣዩ ወደ ግራ ሜዳ መታበትና ሁለት ሯጮች ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሙ። አሁን አንዲት ጥሩ ምት ሁለቱንም ታስገባለች፤ ኤልድሪጅም ይመራል። ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ።

ዱላውን ይዞ የመጣው ታድ ሃሎራን ነው።

አምብሮስ ጓንቱን አየ፤ ሃሎራንን አየ። ግራኝ መቺ ኳስ የሚልከው ወደ ቀኝ ሜዳ ነው፤ ወደ እሱ። ሚና የለመነችለት ኳስ ከመጣች ከዚህ ሰው ዱላ ነው የምትመጣው፤ መያዝ ካለበትም በዚህ ሰው ጓንት ነው። እንዳትመጣ መለመን አማረው። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ውስጥ የኖረውን ደብዳቤ አሰበና ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ጠበቀ።

ሃሎራን ሁለት ኳስ አሳለፈ። በሦስተኛዋ ዱላው ጮኸ፤ ድምፁ ደረቅ ነበር፤ የበርሜል ክፈፍ በመዶሻ ሲመታ እንደሚሰማው። ኳሷ ተነሳች፤ ጭስ ማውጫው ጋ ስትደርስ ፀሐዩ ዋጣት። አምብሮስ ምንም አያይም። የሚሉህን አትስማ ብለውት ነበር። ሃሎራን ዋሽቶት ከሆነ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ኳሷ ፊት ለፊቱ ትወድቃለች፤ ሾኔክም እስኪሞት ትስቅበታለች። ለማሰብ የነበረው ጊዜ ያን ያህል ነው። ያላጠራጠረው አንድ ነገር በእጁ ላይ ያለው ሙቀት ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ ሮጠ።

ሳሙና የሚለው ትልቅ ጽሑፍ እየቀረበ መጣ፤ አጥሩ ሥር ሊደርስ ሲል ዞረ። ኳሷ ከጭሱ ውስጥ ወጥታ ትከሻው ላይ እየመጣች ነው። ቀኝ እጁን ዘረጋ። ገባች። ጓንቱ የገዛ ጌታው እንደያዛት ሁሉ ዘጋባት።

ሰዉ የጮኸውን ጩኸት አምብሮስ ዘግይቶ ነው የሰማው። የመሃል ሜዳው ጠባቂ ጀርባውን እየደበደበ አልፎት ሮጠ። ኳሷ መሬት ሳትነካ ተይዛለችና ሦስተኛው ሰው ወጥቷል፤ ጨዋታው አብቅቷል፤ የአምብሮስ ኬትለር የትልቁ ሊግ ዘመንም አብሮት አብቅቷል። አንድ ጊዜ ገባ፣ አንዲት ኳስ ያዘ፣ ዱላ አልጨበጠም። ስትሪክላንድ እጁን ጠበቅ አድርጎ ጨበጠውና ሰኞ የኔ ሰው ይመለሳል፤ ዛሬን ግን አልረሳልህም አለው። አምብሮስ አመሰገነው፤ ከልቡ ነበር።

ጓንቱን ሊመልስ ወደ እንግዶቹ አግዳሚ ሲሄድ ከኤልድሪጅ ተጫዋቾች አንዱ መንገድ ላይ አቆመው። ሽማግሌውን በገዛ ጓንቱ ቀበርከው አለው፤ ክፋት ግን አልነበረውም። ከሳን ሆዜ የሚመጣ ወጣት በሚቀጥለው ሳምንት ቦታውን ይረከባል፤ ለሃሎራን ዛሬ ጠዋት ነው የተነገረው። ያቺ ምቱ የመጨረሻዋ ነበረች።

አምብሮስ እርምጃውን አፋጠነ። ሃሎራን አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነበር።

“ሚስተር ሃሎራን፣ ባውቅ ኖሮ…”

“ባውቅ ኖሮ ምን? ትጥላት ነበር?” ሽማግሌው ቀና አለ። “ብትጥላት ጓንቱን ተቀብዬ በዚያው እመታህ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ጥሩ አድርጌ የመታሁት ጥቂት ነው። ታዲያ ማን እንዲይዛት ነው የምፈልገው? ተራ ሰው?”

አምብሮስ ጓንቱን ዘረጋለት፤ ኳሷ አሁንም ውስጡ ነበረች። ሃሎራን ኳሷን አንስቶ በመዳፉ ሁለት ጊዜ አገላበጣትና ኪሱ ከተታት። ጓንቱን አልነካውም።

“አንተ በአንዲት ኳስ ገብተህ ወጣህ፤ እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። የወጣነው ግን በአንድ ቀን፣ በአንዲት ኳስ ነው” አለ። “ከዚህ የባሰ ጓደኛ ሊገጥመኝ ይችል ነበር። በል፣ ጓንቱን ካነሳህበት መልስ።”

“ጨዋታው እኮ አልቋል።”

“ቦታው ሣር ላይ ነው። ከሰው እጅ ተቀብዬው አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።”

አምብሮስ ታዘዘ። ባዶ እየሆነ በሄደው ሜዳ አቋርጦ ቀኝ ሜዳ ድረስ ሄደና ጓንቱን ሽማግሌው ሁልጊዜ የሚጥልበት ቦታ፣ ሣሩ ተኝቶ በቀረበት ላይ አስቀመጠው። ሲመለስ ሃሎራን ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሩ ጋ ደርሷል። ከዚያ ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ።

“በርሜል! አሁን ተራው የማን ነው?”

አምብሮስ ዞሮ ሜዳውን አየ። ማንም የለም። አንድ ሰው መስመሩ ላይ ያለውን ኖራ እየጠረገ ነው፤ ሌላ ጠባቂ፣ ሌላ ግራኝ የለም። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ተመልሶ ሄዶ ጓንቱን አነሳ። ሊያመሰግን ሲዞር ሽማግሌው ወጥቶ ሄዷል። ምስጋናውን እዚያው በባዶው ሜዳ ጮክ ብሎ ተናገረው፤ ኖራ ጠራጊው ብቻ ሰማው።

የመልስ ባቡሩ ዋርነር ላይ ሲቆም ገና አልጨለመም ነበር። ወርዶ ከመድረኩ ጎን ያለውን ሣር ፈለገ። የራሱ ጓንት የለም፤ የተኛበት ቦታ ብቻ ሣሩ ተጨፍልቋል። በሌላ ቀን ቢሆን የጣቢያውን ሹም ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን አንድ የማያውቀው ግራኝ እጁን እየከተተበት ታየውና ደስ አለው። ይሁንለት ብሎ ተሳፈረ።

ሚና ሾኔክ ጣቢያ መብራቱ ሥር ቆማ ነበር። ገና ከመወጣጫው ሳይወርድ ፊቱን አይታ መልሱን ያወቀች ይመስላል፤ ቢሆንም ጠየቀች።

“መጣች?”

“መጣች።”

“ያዝካት?”

ራሱን ነቀነቀላት። ክንዱን ይዛ አብራው ጥቂት ከተራመደች በኋላ በእጁ ያለውን ጓንት አየችው። ተቀብላ አገላበጠችው፤ በባዕድ እጅ የተሰፋውን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። የእሱን ጓንት በየክረምቱ የምትሰፋው እሷ ናትና ልዩነቱ አላመለጣትም።

“ይሄ ያንተ አይደለም” አለችው።

“አይደለም” አላት አምብሮስ። “ተራው የኔ ሆኖ ነው።”